አንድ ገጽ ለመልካ ዋሬ

በ2061 ዓ.ም. አዳማ ከተማ ውስጥ፣ ከአሮጌው ፖስታ ቤት ጀርባ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚሠሩበት የድረ ገጽ ዲዛይን ቤት ነበር። ስሙ «ሐረግ» ይባላል። የከፈተችው ትርሲት ወልደየስ ነች፤ ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ሸሪኳ ለሚ ጉደታ በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሳታል። ሥራውን የተማረው ከእሷ ነው፤ አሁን ግን በብዙ ነገር ይበልጣታል። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ ተነጋግረውበት ግን አያውቁም።

በዚያ ዘመን ገጽ መሥራት ማለት ለገጹ ጠባይ መስጠት ማለት ነበር። አንድ ገጽ አንድ መልክ የለውም። የዳቦ ቤት ገጽ ለሚቸኩል ሰው ሦስት ቃል ብቻ ሆኖ ይመጣል። ብቸኝነት ለተጫነው ስለ እርሾው ያወራለታል። ዓይኑ ለደከመ ፊደሉን ያወፍርለታል፤ ጠዋት ከቤቱ ተጣልቶ ለወጣ ቀለሙን ያበርድለታል። ዲዛይነሩ የሚወስነው ገጹ ማንን እንዲያባብል፣ ለማን እንዲያሳጥር፣ እስከ የት ድረስ እንዲለዋወጥ ነው። ትርሲትና ለሚ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ የትናንቱን ገጽ በአሥራ ሁለት ሰው ዓይን ያዩታል፤ በአንዲት አራስ፣ በአንድ ሹፌር፣ በአንድ ጡረተኛ፣ እንዲህ እያሉ። አሥራ ሁለቱም ከተደሰቱ ሻይ ያዛሉ።

መንገዱም እንደዚያው ነበር። የሱቆቹ ሰሌዳ ሁሉ ነጭ ነው፤ አንድም ነገር አልተጻፈበትም። መነጽር ያደረገ ሰው የራሱን ጽሑፍ በራሱ ቋንቋ ያነብበታል፤ አብሮት የሚሄደው ደግሞ የራሱን። ስለዚህ ሰዎች «እስኪ ይህን እይልኝ» ማለት ትተው ነበር። ባልና ሚስት አንድ ዜና ሲመጣላቸው «ያንቺ ምን ይላል?» «ያንተስ?» ነው የሚባባሉት። ይህ ለማንም እንግዳ አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሌላ ዓይነት ገጽ አይቶ አያውቅም።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰው ሳይደውል መጣ። ስድሳ የደረሰ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነው፤ በሽርጥ ላይ ኮት ደርቧል። ላብ በላብ ሆኗል።

«ሁመድ ያዮ እባላለሁ» አለ። «ከመልካ ዋሬ ነው የመጣሁት። የከተማው የጎርፍ ጥበቃ ኃላፊ ነኝ።»

ትርሲት የከተማውን ስም ስትሰማ ፈገግ አለች። መልካ ዋሬ አዋሽ ዳር ያለች፣ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ገጿን የሠሩላት እነሱ ናቸው። ከሠራቻቸው ሁሉ ትርሲት ያን ሥራ አብልጣ ትወደዋለች።

«ምነው፣ ገጹ ችግር አለው እንዴ?» አለች።

«ችግር የለውም። ሁሉም ይወደዋል።»

ከያዘው ላስቲክ ውስጥ ወረቀቶች አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ለሚ የታተመ ወረቀት ካየ ብዙ ዓመቱ ነበርና በጣቱ ዳሰሰው።

«እነዚህ ባለፈው ነሐሴ አሥራ ሦስት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰዎች ያዩዋቸው ገጾች ናቸው» አለ ሁመድ። «ውሃው የገባው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ነበራቸው።»

የመጀመሪያው ገጽ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነበር። «ዛሬ ወንዙ ሞላ ብሏል። ሲመችዎ ወደ ከፍታው ቢሄዱ መልካም ነው» ይላል። ባለቤቱ ቶሎ የምትደነግጥ ሴት ነበረች። ሁለተኛው የፍየል ነጋዴ ገጽ ነው፤ የገበያው ዋጋ ከላይ ተቀምጦ ማስጠንቀቂያው ከሥሩ መጥቷል፤ ሰውየው ከዋጋ በፊት የሚመጣበትን ነገር ስለማያነብ።

ሁመድ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረገ።

«ይሄ የእህቴ የአሲያ ነው። አሁኑኑ ውጪ ይላል፤ በትልቁ። ይሄ ደግሞ የባሏ። ባሏ ልቡ ደንዳና ነው፤ ውጣ ካሉት ይቀመጣል። ገጹ ጠባዩን ያውቃል። ስለዚህ በዘዴ ነው የነገረው፤ ጎረቤቶችህ ምን እያደረጉ እንደሆነ ብታይ አይሻልም ወይ ይለዋል። ሁለቱ ያንተስ፣ ያንቺስ ተባባሉ። አልገጠመም። ያንቺ ሁልጊዜ ያጋንናል አላት። ይህን የነገረችን ልጃቸው ናት፤ ዛፍ ላይ ወጥታ ተረፈች።»

ለሚ ወረቀቱን መንካት ተወ።

«ሠላሳ አንድ ሰው ነው የሞተብን» አለ ሁመድ። «ሁሉም ገጹን አይተውታል። አንብበውታል። ያላነበበ አንድም ሰው የለም።»

ትርሲት ሁለቱን ወረቀቶች ወደ ራሷ ሳበቻቸው። የዚያን ገጽ እያንዳንዱን መለሳለስ የወሰነችው እሷ ነች። የሚደነግጠውን አታስደንግጡ፣ እምቢተኛውን አትዘዙ፣ ቸኳዩን አታሰልቹ ብላ ለሚን ያሳመነችውም እሷ ነች። ሥራው ሲያልቅ ከከተማው ሕዝብ ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ወደደው ተብሎ ደብዳቤ መጥቶላቸው ነበር።

«እኛ ነን እንግዲህ» አለች በመጨረሻ።

«ለመክሰስ አልመጣሁም ወይዘሮ ትርሲት። ሌላ እንዲሠሩልኝ ነው።»

«ምን ዓይነት?»

«አንድ ዓይነት። ለሁሉም አንድ።»

ለሚ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። «አቶ ሁመድ፣ ሐዘንዎን እረዳለሁ። ግን እንዲህ ያለ ገጽ ሰዉ አያውቀውም። የሌላ ሰው ጫማ እንደማጥለቅ ነው የሚሆንበት። ይቆረቁረዋል። ፊቱን ያዞራል።»

«ያዙር። ካዞረም ሁሉም ከአንድ ነገር ላይ ያዙር» አለ ሁመድ።

እሱ እንዳለው የከተማው ሕዝብ ተሰብስቦ ተስማምቷል፤ በሁሉም መነጽርና ስልክ ሳይለዋወጥ እንዲወጣም ለዚህ አንድ ገጽ ብቻ ፈቃድ ተሰጥቷል። ሁመድ የቀረበለትን ሻይ ጠጣ፣ ወረቀቶቹን እዚያው ትቶ ተነሣና ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደ።

•

የመጀመሪያው እንቅፋት ቋንቋ ነበር። መልካ ዋሬ ውስጥ አፋርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይነገራል። የድሮው ገጽ ለእያንዳንዱ በአፍ መፍቻው ይናገር ነበር፤ አንዱ ገጽ ግን የቱን ያስቀድም? ለሚ ሦስቱን ጎን ለጎን ደረደራቸው፣ ከዚያ በክብ አዞራቸው፣ ከዚያ አንዱን ባንዱ ላይ ጫናቸው። ሁልጊዜ አንዱ ቀድሞ አንዱ ይከተላል። ሁልጊዜ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ነው፤ የራሱን ፈልጎ ሲያገኝ ደግሞ የቀረውን አያየውም።

አንድ ሐሙስ ትርሲት ማያውን ዘጋችና «ፊደሉን በሙሉ አውጣው» አለች።

«አልገባኝም።»

«ፊደል አይኑርበት።»

«ትርሲት፣ ፊደል የሌለው ገጽ ምን ገጽ ነው?»

«አላውቅም» አለች፤ እውነቷን ነበር።

ግንቦት ላይ ወደ መልካ ዋሬ ወርዳ ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። ሙቀቱ መሬቱን ሰንጥቆታል። ጎርፉ የደረሰበት ምልክት በየቤቱ ግድግዳ ላይ እንደ ቀበቶ ዞሮ ይታያል። ከሁመድ ጋር ከወንዙ ዳር ጀምራ ከከተማው በስተ ሰሜን እስካለው ጥቁር ጉብታ ድረስ በእግሯ ወጣች፤ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ ከተማውን ከጎን እንደሚታይ አድርጋ በእርሳስ መሳል ጀመረች፤ በግራ ወንዙ፣ ከዚያ ድልድዩ፣ የዝቅተኛው ሰፈር ቤቶች፣ መስጊዱ፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በስተ ቀኝ ጉብታው። ውሃው ከግራ ተነሥቶ በሥዕሉ ላይ እየወጣ ይሄዳል። ሰው ቤቱን ፈልጎ ያያል፤ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ ያያል፤ ጉብታውን ያያል። የሚነበብ ነገር የለም።

የቸገራት የውሃው ቀለም ነበር። አርባ ሰው ጠየቀች። «አደጋ ሲባል ምን ቀለም ይታይሃል?»

አንድ መምህር ነጭ አላት። አንድ ሹፌር ቢጫ አላት። አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ ምንም ሳታመነታ አረንጓዴ አለች፤ ቀይ ራስ ምታት ስለሚቀሰቅስባት ገጾቿ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያስጠነቅቋት በአረንጓዴ ነበር። ቀይስ? ቀይ ለአንዱ የልደት በዓል ነው፣ ለሌላው የሥጋ ቤት፣ ለሌላዋ የምትወደው ቡድን። ትርሲት መልሶቹን ስታነብ ያላሰበችው ነገር ገባት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሷና እንደ እሷ ያሉት ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ቀለም ሲቀምሙ ኖረው፣ ለሁለት ሰው አንድ ትርጉም የሚሰጥ ቀለም ጠፍቷል።

ድልድዩ አጠገብ ከሚገኝ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እዚያ ወተት የሚሸጡ መዲና የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። መነጽር አያደርጉም፤ ስልክም የላቸውም።

«ምን ጠፋብሽ ልጄ?» አሏት። «ከጠዋት ጀምሮ መሬት መሬት ታያለሽ።»

«ቀለም ጠፋብኝ እማማ መዲና። ሁሉም ሰው ሲያየው እግሬ አውጪኝ የሚልበት ቀለም።»

አሮጊቷ የወተቱን ዕቃ ከደኑና ተነሡ። «ነይ።»

ወደ ወንዙ ዳር ይዘዋት ወረዱ። ከላይ አገር ዘንቦ ኖሯል፤ ውሃው ደፍርሷል። ቡናማ ነው እንዳትል ቀላ ይላል፤ ቀይ ነው እንዳትል አመድ አመድ ይላል። እንደ ተቀጠቀጠ ሸክላ ወፍራም ሆኖ፣ ሣርና ጭራሮ አዝሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል።

«አውልቂው እስኪ ይሄን ነገር» አሉ ወደ መነጽሯ እያመለከቱ። አወለቀችው። «አሁን እዪው። እግርሽ ምን ይላል?»

ትርሲት ወደ እግሯ አየች። ሳታውቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ነበር።

«የማንም እግር እንደዚያው ነው» አሉ መዲና። «ፍየሏም ትሸሻለች። ማን አስተማራት?»

ከዚያ ውሃ በጠርሙስ ቀድታ አዳማ ወሰደችው። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው፣ ባረፈ ቁጥር እየነቀነቁ፣ ያንኑ ቀለም ለማውጣት ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ስለ ሥራው ብዙ ይከራከር የነበረው ለሚ ያን ቀለም ግን ሳይከራከር ተቀበለው።

•

ሰኔ ላይ ግን ተጣሉ።

ገጹ አልቆ ለመጨረሻ ጊዜ ስታገላብጠው ትርሲት ያላዘዘችውን ነገር አገኘች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ሲያዩት የውሃው ቀለም በጥቂቱ ይነጣል፤ የውሃውም መስመር ትንሽ ዝቅ ይላል። ዝርዝሩን ከፈተችው። የልብ ሕመምተኞች ነበሩ።

«ይሄ ምንድን ነው ለሚ?»

አልካደም። «አባቴ በልብ ነው የሞተው። ስልኩን እያነበበ። ምን እንዳነበበ ታውቂያለሽ? የሰፈር ስብሰባ ጥሪ። እስቲ ይሄን ሥዕል ለእንደዚያ ያለ ሰው በድንገት ዓይኑ ላይ ድቅን አድርጊበት።»

«ገብቶኛል።»

«አልገባሽም። ከአሥራ ዘጠኝ ሺህ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ነው። ማን ያውቅብናል?»

«ጎረቤቶቻቸው ያውቃሉ» አለች። «ጎረቤቱ መጥቶ ውሃው እስከ መስጊዱ ይመጣል ይለዋል። እሱ ደግሞ በኔ እዚያ አይደርስም ይላል። ያን ጊዜ ጎረቤቱም የራሱን ይጠራጠራል። የእሱም ጎረቤት እንዲሁ። አንዱን ካባበልከው የሁሉም ይፈርሳል፤ አሲያንና ባሏን ረሳሃቸው?»

«አንዱ ቢሞትስ? ገጻችንን አይቶ አንዱ ክልትው ቢልስ?»

ትርሲት ዝርዝሩን ዘጋችው። «እኔ የገደልኩት ይሆናል» አለች።

ለሚ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሁለት ቀን አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገባና ሳይቀመጥ፣ ቆሞ እንዳለ፣ ያስገባውን አወጣው።

«አንድ ነገር ግን አለኝ» አለ። «ገጹ የማይለሰልስላቸው ከሆነ ሰው ይለስልስላቸው። ለሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም አንድ አንድ ጎረቤት ይመደብ። ገጹ ሲመጣ በራቸው ላይ ደርሶ እጃቸውን ይዞ የሚወጣ።»

ለሁመድ ደወሉለት። ሁመድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰዎቹን በስማቸው መድቦ ጨረሰ።

ሐምሌ አምስት ቀን ገጹ ለሙከራ ለአንድ ደቂቃ ያህል ወጣ። በማግስቱ ከስድስት መቶ በላይ ቅሬታ መጣ። ዓይናቸውን ያመማቸው ነበሩ፤ ማየት ያቃታቸው ነበሩ። አንድ የባንክ ሠራተኛ «ይሄ ገጽ እኔን አያውቀኝም» ብሎ በድምፁ መልእክት ልኮ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሲያለቅስ ይሰማል። ትርሲት ይህን ለሁመድ በስልክ አሰማችው።

«ምን እናድርግ?» አለችው።

«ወንዙም አያውቀውም» አለ ሁመድ።

•

ነሐሴ ሃያ አንድ ማክሰኞ ነበር። ትርሲት ቅሬታ ያቀረቡትን አንድ በአንድ ለማነጋገር መልካ ዋሬ ከገባች አራተኛ ቀኗ ነው። ያን ጠዋት ከተማው ላይ ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ጠርቷል። ከላይ አገር ለሦስት ቀን እንደዘነበ ግን ሁሉም ሰምቷል።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ገበያው መሐል ነበረች። ሰው ይጮሃል፣ ይከራከራል፣ ያንተስ ስንት ይላል ይባባላል። ዙሪያዋን ያሉት ነጭ ሰሌዳዎች ለእሷ የሚስማማትን በለዘብታ ያሳዩዋታል።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደፈረሱ።

የሳለችው ከተማ በየሰሌዳው ላይ፣ በየግድግዳው ላይ፣ በየስልኩ ላይ ወጣ። ቀለሙ ከግራ ተነሥቶ ድልድዩን አለፈ፣ የዝቅተኛውን ሰፈር ቤቶች ዋጠ፣ የመስጊዱ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ቆመ። ገበያው ፀጥ አለ። ሁሉም ቀና ብሏል፤ የሁሉም ዓይን ያለው አንድ ነገር ላይ ነው። ሽንኩርት ሻጯም፣ ሸማቿም፣ ፖሊሱም፣ ጋሪ የሚነዳው ሰውዬም።

አንዲት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ክንዷን ዘርግታ ሰሌዳው ላይ ውሃው የቆመበትን ቦታ በጣቷ አሳየች። አጠገቧ የቆመው የማታውቀው ሰው ጣቷን ተከትሎ አየ።

«አየኸው?» አለችው።

«አየሁት» አላት።

በቃ ይኸው ነበር። ያንተስ ምን ይላል ያለ ሰው አልነበረም። ቃሉ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ አየሽው፣ አየሁት፣ አየኸው፣ አየሁት። በሦስት ቋንቋ ነበር የሚሉት፤ ሆኖም ማን ምን እንደሚል ለሁሉም ግልጽ ነበር። እማማ መዲና የወተት ዕቃቸውን ይዘው በዚያ ሲያልፉ ቆሙ። እሳቸው ሰሌዳው ላይ ምንም አይታያቸውም፤ የሚያዩት ሰዉን ነው።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ። «የሁላችሁም ፊት አንድ ሆነብኝ።»

«ወንዙ እየመጣ ነው እማማ። ይምጡ እንሂድ» አለቻቸው ትርሲት።

ከተማው መንቀሳቀስ ጀመረ። አልሮጠም፤ እንደ ንግሥ ቀን ሕዝብ በመንገዱ ልክ ሞልቶ ይሄድ ነበር። ከየበሩ የልብ ሕመምተኞቹ እጃቸውን ተይዘው ይወጣሉ። አንድ ግዙፍ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዲት ቀጭን ሴት ትከሻ ላይ ተደግፈው ይራመዱ ነበር፤ ሴትየዋ የምታወራቸው ስለ ልጇ ሠርግ ነው። የባንክ ሠራተኛው፣ ያለቀሰው፣ የማያውቀውን ሕፃን ታቅፎ ሄደ። ትርሲት ጉብታው ግማሽ ላይ ደርሳ ዞር ብላ አየች። መንገዱ ከታች እስከ ላይ ሰው ብቻ ነበር። እንደዚህ ሲወጡ በሥዕሉ ላይ አላሰፈረቻቸውም፤ ከእሷ እርሳስ ውጪ የሆነ ነገር ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጉብታው አናት ሞላ። ለስድስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ ብዙ ከብት አንድ ላይ እንደሚነዳ ያለ። ከዚያ ውሃው ድልድዩን ሸፈነ። በዝቅተኛው ሰፈር መሐል ገባ፤ ቤቶቹ እስከ መስኮታቸው፣ ከዚያ እስከ ጣሪያቸው ሄዱ። ውሃው ወደ መስጊዱ ቀረበ፤ አንደኛውን ደረጃ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ያዘ። እዚያ ላይ ቆመ።

ከትርሲት ፊት የቆመ አንድ ሰው መነጽሩን አውልቆ ከተማውን አየ። መልሶ አደረገና ገጹን አየ። እንደገና አወለቀው። ልዩነት አጣ። መነጽሩን በእጁ እንደያዘ ቀረ። በዙሪያው ሌሎችም እንደዚያ እያደረጉ ነበር፤ ማውለቅ፣ ማድረግ፣ ማውለቅ። ትርሲትም እንደዚያ አደረገች። ወንዙ ነው። የሠራችው ገጽ ነው። ከፊቷ ያለውን ነገር የሠራችው እሷ እንዳልሆነች፣ ወንዙ ቀድሞ የሚያውቀውን እሷ ዘግይታ እንደገለበጠችው ተሰማት፤ በዚያ ስሜት ውስጥ ኀፍረትም ደስታም አልነበረም።

ሁመድ ከየሰፈሩ ተጠሪዎች ጋር ስም ሲጠራ አንድ ሰዓት ቆየ። ሲጨርስ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ።

«ፍየል ብዙ አልቋል» አለ። «ሰው የለም።»

«አንድም?»

«አንድም። የልብ ሕመምተኞቹም አሉ። ሽማግሌው ተኝተዋል፤ ግን ደህና ናቸው።»

ለሚ ደወለ። ትርሲት ስልኩን አነሣችና እንዲያይ ወደ ሰዉ አዞረችው።

ከሰዓት በኋላ ውሃው መሸሽ ሲጀምር ሰዉ ተቀመጠ፤ ዳቦ ተካፈለ፤ ማውራት ጀመረ። ገጹ ገና አልጠፋም፤ ጉብታው ላይ ባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ነጭ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሆኖ ይታይ ነበር። ከሥሩ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይከራከራሉ። አንደኛው ቀይ ቆብ ያደረገ ወጣት ገበሬ ነው፤ ሌላው አናጢ ነኝ የሚል፣ ጢሙ የሸበተ ሰው። ትርሲት ጠብ መስሏት ቀረበች።

«ወደ ምሥራቅ ነው እልሃለሁ!» ይላል አናጢው ግድግዳው ላይ እያሳየ።

«ወደዚህ ነው እንጂ! ይኸው ተስሎ የለ እንዴ?»

«የተሳለውማ ስህተት ነው!»

አናጢው ትርሲትን ሲያያት እርሳስ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ልብ አለ። «ልጄ፣ የሳልሽው አንቺ ነሽ አሉ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ተሳስተሻል።»

ትርሲት በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ምስጋናና ቅሬታ እንጂ ይህን ቃል ከማንም ሰምታ አታውቅም። ማን ይላታል? አንድ ሰው ያየውን ሌላው አያየው። አሁን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን ቀስረው ቆመዋል።

«የቱ ጋ?» አለች።

«ወፍጮ ቤቱ። በሩን በዚህ በኩል አደረግሽው። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው። እኔ ነኝ የገጠምኩት። ነፋሱ ከምዕራብ እየገባ ዱቄቱን ሲበትንባቸው ጊዜ አዞርነው።»

ትርሲት ግድግዳውን አየች። ትክክል ነበር። ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ መሬት ላይ ተቀመጠችና ወፍጮ ቤቱን እንደገና ሳለችው።

«እንዲህ?»

አናጢው ጎንበስ ብሎ አየ። ገበሬውም ጎንበስ አለ። «እንዲህ» አሉ ሁለቱም።

አንዲት ሴት ከኋላቸው «የኛ ግቢ አጥር ደግሞ እንደዚያ አይደለም» አለች። «ግራሩስ? ግራሩን ረሳችው እኮ» አለ ሌላ። አንዱ ሌላውን እየጠራ መጣ፤ ግድግዳውን እያሳዩ፣ እየተራረሙ፣ በሦስት ቋንቋ እየተከራከሩ ከፊቷ ተሰለፉ። ትርሲት አንገቷን አላቃናችም። እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ በእጅጌዋ ጠረገችውና እርሳሷን አዘጋጀች።

«ቀጥሎ» አለች።